ከባቡር ነጂው መስኮት የታየው መንገድ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ንግግር ስለ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ክፍሉ ግድግዳው ብረት፣ ወለሉ የሚንቀጠቀጥ፣ በደጋው የሚያበርድ በቆላው የሚያቃጥል፣ ሁለትና ሦስት ሰው ተጨናንቆ የሚቆምበት ነበር። ይኸውም ከለገሀር ተነሥቶ እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ጅቡቲ ይጓዝ የነበረው የቀድሞው ምድር ባቡር ነጂ ክፍል ነው። ስለ ምድር ባቡራችን ውሎች፣ ስለ ፈቀዱት ነገሥታትና ስለ መሠረቱት ኩባንያዎች ብዙ ተጽፏል። በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆመው መንገዱን በየቀኑ ይመለከቱ የነበሩት ሰዎች ያካበቱት ዕውቀት ግን እምብዛም አልተጻፈም። የንግግሬ ዓላማም ይህ ዕውቀት ምን እንደ ነበረ፣ ለእኛ ለመሐንዲሶች ምን ፋይዳ እንዳለው፣ ፈጽሞ ሳይጠፋም ምን ልናደርግለት እንደሚገባ በአጭሩ ማስረዳት ነው።

ስለ ሰፈሩና ስለ ሐዲዱ

በዚህ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የምንሠራና የምንኖር ሰዎች በየቀኑ ከአፋችን የማይጠፉ ሁለት የቦታ ስሞች አሉ፤ ለገሀርና ካዛንቺስ። ሁለቱም ከባዕድ ቋንቋ የመጡ ሲሆኑ ሁለቱም ከግንባታ ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው። ለገሀር «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜውም ጣቢያው ማለት ነው። ካዛንቺስም በጠላት ወረራ ዘመን ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራው ድርጅት በምኅጻር «ኢንቺስ» ይባል ስለ ነበር፣ «ካዜ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ከሚለው የመጣ ነው። ሕዝቡ ሁለቱንም ቃላት በራሱ አንደበት አለስልሶ የራሱ አደረጋቸው። ሐዲዱንም እንዲሁ ነው ያደረገው። በባዕድ ገንዘብና በባዕድ ንድፍ የተሠራውን መንገድ በጉልበቱ፣ ከዚያም በዕውቀቱ የራሱ አደረገው።

እንደሚታወቀው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የሐዲዱን ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ በገንዘብ እጥረትና በመንግሥታት ክርክር ለዓመታት ተጓትቶ፣ አዲስ ኩባንያ ከተቋቋመ በኋላ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ዛሬም ቆሞ የምናየው የለገሀር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ይህ ስፋት በተራራማ አገር ጠባብ ኩርባ ለመሥራትና ወጪ ለመቆጠብ የተመረጠ ነው፤ ኋላ ግን የፍጥነትና የጭነት ገደብ ሆኖ ቀርቷል።

በጣቢያው ሐዲድ ላይ የአገሪቱ ታሪክ በደስታም በሐዘንም ተመላልሷል። በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓል የተጠሩት የውጭ አገር እንግዶች በዚሁ መንገድ መጡ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት የተጓዙት በዚሁ መንገድ ነበር። በእነዚያ ቀናት ሎኮሞቲቩን የነዱትን ሰዎች ስም የሚያስታውስ ሰው ግን ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። እኔም ይህን ጉዳይ እንድከታተል ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

በእንፋሎት ዘመን

ባለፉት ዓመታት በቂርቆስ፣ በጨርቆስ ሰፈርና በካዛንቺስ ይኖሩ ከነበሩ ጥቂት ጡረተኛ ባቡር ነጂዎችና ረዳቶቻቸው ጋር ለመነጋገር ዕድል አግኝቻለሁ። አብዛኛው ጭውውታችን የተካሄደው ካዛንቺስ ውስጥ በአንዲት ቡና ቤት ሲሆን፣ ያቺ ቤት ዛሬ የለችም። የእንፋሎቱ ዘመን ለእነዚህ አባቶች በዐይን ያዩት ሳይሆን ከአስተማሪዎቻቸው የሰሙት ነው። ዲዝል ሎኮሞቲቮች ወደ መንገዱ መግባት የጀመሩት በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሆን፣ በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ የእንፋሎቱን ቦታ ያዙ። ይሁን እንጂ አስተማሪዎቻቸው እሳት ሲያነዱ ያደጉ በመሆናቸው ትምህርቱ በቀጥታ ተላልፎላቸዋል።

በእንፋሎት ዘመን ነጂውን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ውሃ ነበር። ሎኮሞቲቭ እሳት ቢኖረውም ውሃ ካጣ አይንቀሳቀስም፤ ከዚያም የከፋው፣ ከቦይለሩ ውስጥ ውሃው ዝቅ ካለ ብረቱ ግሎ ለፍንዳታ ይዳርጋል። ከአዋሽ በታች ያለው አገር ደግሞ ውሃው ጥቂት፣ የተገኘውም በማዕድን የበዛ ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ሲፈላ በቧንቧዎቹ ውስጥ እንደ ድንጋይ የሚጋገር ዝቃጭ ይተዋል፤ ዝቃጩም ሙቀት አያስተላልፍም፤ ማገዶውም ያለ ጥቅም ይባክናል። ስለዚህ ነጂው የየጣቢያውን ውሃ ጠባይ፣ የትኛው እንደሚያረፋና የትኛው እንደሚጋገር ለይቶ ማወቅ ነበረበት። በዚያን ዘመን ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛውም በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። ለመንገደኛው ይህ ዕረፍት ነው፤ ለሎኮሞቲቩ ሠራተኞች ግን አመድ የሚጠረግበት፣ ዘይት የሚጠጣበት፣ እሳቱም ገና ጎሕ ሳይቀድ ደግሞ የሚቀጣጠልበት የሥራ ሰዓት ነበር።

ዲዝሉ ሲመጣ የውሃው ጭንቀት ቀለለ፤ በምትኩ ሌላ ጠባይ መጣ። ለገሀር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ዳር ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። አየር ያነሰው ሞተር ደግሞ ነዳጁን በሙሉ ማቃጠል አይችልም፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ከቆላ ሲነሣ ጭነቱን እንደ ዋዛ የጎተተው ሎኮሞቲቭ የደጋውን ዳገት ሲይዝ ማቃሰት ይጀምራል። እኛ ይህን በመጽሐፍ የተማርን ሲሆን፣ ነጂዎቹ ግን በሞተሩ ድምፅና በጭሱ ቀለም ያውቁት ነበር። ከዚህም በላይ በየትኛው ኪሎ ሜትር ላይ ድምፁ እንደሚለወጥ ለይተው ይናገሩ ነበር።

በእግር የሚታይ መንገድ

ከእነዚህ አባቶች አንዱ፣ «ሐዲዱን የምታዩት በምንድን ነው? በሌሊት መብራቱ ሩቅ አያሳይ፤» ብዬ በጠየቅኋቸው ጊዜ፣ «ልጄ፣ ዐይን ለከብት ነው፤ ሐዲዱን የማየው በእግሬ ነው፤» ሲሉ መለሱልኝ። በመጀመሪያ ነገሩ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ትክክለኛ የምሕንድስና አነጋገር ሆኖ አገኘሁት።

የድሮው ሐዲድ እየተቆራረጠ በብሎንና በብረት ሳንቃ የተያያዘ ነበር። ጎማው በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ሲያልፍ ድምፅ ይሰጣል፤ ንዝረቱም በወለሉ በኩል ወደ ነጂው እግር ይደርሳል። ለምሳሌ የአንዱ ሐዲድ ርዝመት 12 ሜትር ቢሆንና ነጂው በአንድ ደቂቃ 50 ምት ቢቈጥር፣ ባቡሩ በደቂቃ 600 ሜትር፣ በሰዓትም 36 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው ማለት ነው። የፍጥነት መለኪያው ቢበላሽ እንኳ እግሩ ይነግረዋል። ምቱ ደንዘዝ ካለ ከሐዲዱ በታች ያለው ጠጠር ጭቃ ገብቶበታል፤ ምቱ ከረር ካለ ብሎኑ ላልቷል፤ ወለሉ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ መሬቱ ሰጥሟል ማለት ነው። ነጂው በሚቀጥለው ጣቢያ ላይ ይህን ለሐዲድ ጠጋኞች ይናገራል። እንግዲህ ዛሬ በልዩ መለኪያ ሠረገላ የምንሠራውን የሐዲድ ምርመራ፣ ትክክለኛነቱ ያነሰ ቢሆንም፣ የነጂው እግር በየቀኑ ያለ ክፍያ ይሠራው ነበር።

እኔም በ1993 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በጎረቤታችን በአንድ የባቡር ሠራተኛ አማካይነት ከለገሀር እስከ ደብረ ዘይት በነጂው ክፍል ውስጥ ቆሜ ተጉዣለሁ። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ የነጂው ዝምታ ነበር። እጁን በማርሹ ላይ እንዳደረገ ወደ ፊት ይመለከታል፤ ምንም የሚታይ ነገር በሌለበት ኀይሉን ይቀንሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ኩርባው ይመጣል። ከአቃቂ በኋላ ባለው ሜዳ ላይ ጥሩምባውን ደጋግሞ ሲነፋ መንገዱ ባዶ መስሎ ታየኝ፤ ወዲያው ግን ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ የከብት መንጋ ብቅ አለ። ረዳቱ ሳቅ ብሎ፣ «እሳቸው እረኛውንም በስሙ ያውቁታል፤» አለኝ። በልጅነቴ ይህ ነገር አስማት መሰለኝ። ዛሬ ግን ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ። አንድ የባቡር መስመር ቀድሞ በሰው አእምሮ ውስጥ ካልተነጠፈ በቀር በደኅና ሊነዳ እንደማይችል ማስረጃ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ባቡር የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ የሚሄድበት በመሆኑ ሰበቃው አነስተኛ ነው። ብዙ ጭነት በትንሽ ኀይል የሚጎተተው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ለማቆም ብዙ ርቀት የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመኪና ነጂ ባየው ነገር ፍሬን ይይዛል፤ የባቡር ነጂ ግን ገና ላላየው ነገር ፍሬን መያዝ አለበት። ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ ያለው መንገድ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። 300 ቶን የሚመዝን ባቡር ይህን ሲወርድ 1,100 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ የሚሆን ጉልበት ይለቃል። ይህ ሁሉ ጉልበት፣ በመንገድ ላይ ከሚበላው ሰበቃ በቀር፣ ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት። የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኀይሉ ይደክማል። ስለዚህ ነጂው ቁልቁለቱን እንደ ገንዘብ እየቈጠረ፣ የት እንደሚይዝ፣ የት እንደሚለቅ፣ የትስ ብረቱን እንደሚያቀዘቅዝ አስቀድሞ ማወቅ ግዴታው ነበር።

የአዋሽ ትምህርት

ክቡራንና ክቡራት፤

እስካሁን የተናገርሁት የነጂውን ዕውቀት ለማመስገን ብቻ ቢሆን ኖሮ ንግግሬ እዚህ ላይ በተፈጸመ ነበር። ነገር ግን ከዚሁ ጋር አብሮ መነሣት ያለበት መራራ ጉዳይ አለ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር በድልድይ ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ሠረገላዎቹ ወደ ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሰዎችም አለቁ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች እጅግ አስከፊ ከሚባሉት አንዱ ነው። በወቅቱ እንደ ተገለጸው ባቡሩ ኩርባውን የያዘው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ነበር።

የዚህን ትርጉም ለመሐንዲሶች ማብራራት አያስፈልግም፤ ቢሆንም ቁጥሩን ማስታወስ ይበጃል። በኩርባ ላይ ባቡሩን ወደ ውጭ የሚገፋው ኀይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ራዲየሱ 150 ሜትር የሆነ ኩርባን ብንወስድ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ባቡር የጎን ፍጥንጥነቱ 0.46 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። ፍጥነቱ ወደ 60 ከፍ ሲል ግን 1.85 ይሆናል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ግፊቱ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ሲሆን ደግሞ መገልበጥን የሚቋቋመው መሠረት ጠባብ ነው።

ከዚህ አደጋ የምወስደው ትምህርት አንዱን ሰው መክሰስ አይደለም። የአንድ መንገድ ደኅንነት በአንድ ሰው ራስና እግር ውስጥ ብቻ ተከማችቶ ሲቀር፣ ያ ሰው የደከመ ዕለት፣ የተለወጠ ዕለት፣ ወይም አንድ አፍታ የዘነጋ ዕለት ሌላ የሚመልሰው ኀይል እንደሌለ መገንዘብ ነው። የነጂው ዕውቀት ክቡር ነው፤ ያልተጻፈ ዕውቀት ግን ክቡር የመሆኑን ያህል አደገኛ ነው። ስለዚህ ማስታወሻቸው ይሰብሰብ ስል ለናፍቆት ብቻ አይደለም። ዕውቀቱ ከሰው ወደ ወረቀት፣ ከወረቀትም ወደ ምልክት፣ ወደ ደንብና ወደ መሣሪያ እንዲሸጋገር ነው።

«አሮጌው መንገድ ተዘግቶ የለም?»

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሐሳብ ሳነሣ የሚሰነዝሩት ተቃውሞ አለ። አሮጌው መንገድ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል አገልግሎቱን ካቋረጠ፣ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ ዓመታት አልፈዋል። አዲሱ መንገድ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ጀምሯል፤ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር፣ ኀይሉም 25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ ነው። መነሻውም ለገሀር ሳይሆን የከተማው ዳርቻ ነው። እንግዲህ የድሮዎቹ ነጂዎች ዕውቀት ለምን ይጠቅማል? ይላሉ።

ተቃውሞው ፍሬ የሌለው አይደለም። የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ በከፍታ ምክንያት እንደ ዲዝል አይታፈንም፤ ቁልቁል ሲወርድም ሞተሩን እንደ ጄኔሬተር አድርጎ ጉልበቱን ወደ ሽቦው ለመመለስ ይችላል። ተበይደው በተያያዙ ረዣዥም ሐዲዶች ላይም የሚቈጠር ምት የለም። ከማሽኑ ጋር የተያያዘው የአሮጌው ሙያ ክፍል በእርግጥ አልፎበታል።

ይሁን እንጂ ማሽኑ ቢለወጥም መሬቱ አልተለወጠም። ከአቃቂ እስከ ሞጆ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተነጠፈውንም ሁሉ ያንቀሳቅሳል። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገደማ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሸፍን የነበረው፣ እየሰፋ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ፣ አሮጌውን ሐዲድና አውራ ጎዳናውን ሲፈታተን ኖሯል። ነጂዎቹ ውሃው ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ሐዲዱ ሲጠጋ ከመስኮታቸው ያዩ ምስክሮች ናቸው። በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉት ደረቅ ወንዞች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከተራራው የሚወርድ ድንገተኛ ጎርፍ፣ በቆላው ሐዲዱን የሚያቋርጡት የግመልና የከብት መንጎች፣ ከብቶቹ ውሃ ፍለጋ የሚያልፉበት ወርና ሰዓት፣ ይህ ሁሉ አሁንም ያለ ነው። አንድ የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ስፋቱ ምን ያህል ይሁን ብለን ስንሠላ የረዥም ዘመን የዝናብ መዝገብ እንፈልጋለን፤ ብዙ ጊዜም አናገኝም። ሠላሳ ዓመት አንዱን ድልድይ ያቋረጠ ሰው ግን ውሃው እስከ የትኛው ድንጋይ እንደ ደረሰ በጣቱ ሊያሳየን ይችላል።

ከሩቁም አልፈን እዚሁ ቂርቆስ ውስጥ ብንመለከት ነገሩ ያው ነው። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የከተማ ቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮች በለገሀር በኩል ሲያልፉ አንዱን ሐዲድ ይጋራሉ። በዚያ ባቡር ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ወጣት ነጂዎች በየትኛው ማቋረጫ እግረኛ ድንገት እንደሚገባ፣ በዝናብ ጊዜ የትኛው ዳገት እንደሚያንሸራትት ከማንም በላይ ያውቃሉ። ይህን ዕውቀት የሚጠይቃቸውና የሚመዘግብላቸው ሰው ከሌለ፣ የአባቶቻቸው ዕጣ የእነርሱም ይሆናል።

ምን እናድርግ?

ጊዜው አጭር ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ በአንድ ሰፈር ተሰባስበው ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተበትነዋል። ስለ ልማቱ መከራከር የዛሬው ርእሴ አይደለም። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ለማስታወስ ሌላ ሽማግሌ እንደሚያስፈልገው በጭውውታችን ጊዜ አይቻለሁ። አንዱ «ከመኢሶ በኋላ ያለው ኩርባ» ሲል፣ ሌላው «የለም፣ ከዚያ በፊት ነው፤» ብሎ ያርመዋል፤ እውነቱም የሚገኘው ከክርክሩ ውስጥ ነው። ሲበታተኑ ክርክሩ ይቀራል፤ ክርክሩ ሲቀር ማስታወሱም ይደክማል።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን እንዲመለከት በትሕትና አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በሕይወት ያሉትን ነጂዎች፣ ረዳቶች፣ የሐዲድ ጠጋኞችና የጣቢያ ሠራተኞች ቃል በድምፅ እንቅረጽ። ጥያቄውም «እንዴት ነበር?» የሚል ብቻ አይሁን፤ በኪሎ ሜትር የተከፋፈለ ካርታ ፊታቸው ዘርግተን፣ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ምን ያደርጉና ምን ይፈሩ እንደ ነበር እንጠይቃቸው። ሲቻል ሁለትና ሦስት ሆነው በአንድነት እንዲቀመጡ ማጓጓዣውን እኛ እናዘጋጅ።

ሁለተኛ፣ በለገሀርና በድሬዳዋ የሚገኙት አሮጌ ሎኮሞቲቮች፣ መሣሪያዎችና መዛግብት ለሚመለከታቸው ክፍሎች በቅርስነትም በማስተማሪያነትም እንዲጠበቁ፣ ማኅበሩ የሙያ ምክሩን ያበርክት። አንድ ተማሪ የፍሬን ማርሹን በእጁ ይዞ የሚማረው ነገር በሰሌዳ ላይ ከሚማረው ይለያል።

ሦስተኛ፣ ለባቡርና ለመንገድ ሥራ የሚታጩ ወጣት መሐንዲሶች፣ ደንቡ በሚፈቅደው መጠን፣ የሥራ ልምምዳቸው አንዱ ክፍል በነጂው ክፍል ውስጥ መጓዝ ይሁን። ኩርባን በወረቀት ላይ የሚነድፍ ሰው፣ ያ ኩርባ በጨለማ ሲመጣ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ሊያየው ይገባል።

ለመጀመሪያው ሥራ በጀት የሚጠበቅበት ምክንያት አይታየኝም። እስካሁን የሰበሰብኋቸውን ማስታወሻዎች ለማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። ከአባላቱ መካከል አባቱ፣ አጎቱ ወይም ጎረቤቱ በምድር ባቡር ያገለገለ ሰው ካለ፣ ከዚህ አዳራሽ ከመውጣቱ በፊት ስማቸውንና ያሉበትን አካባቢ ለጸሐፊያችን እንዲያስመዘግብ እለምናለሁ። በመጪው ወር የመጀመሪያውን ካርታ ዘርግተን ከለገሀር እስከ አቃቂ ያለውን 20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለመጀመር አስበናል።